ፕላን ሲወጣ ነዋሪውን ማን ጠየቀው?

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 ስድስት የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ጁን ላይ የባርት ባቡር ሳን ሆዜ በሬየሳ ሲደርስ ተሳፋሪው እጅግ ጥቂት ነበር።

ኦክላንድ በበኩሏ ኤፕሪል ላይ 74 ማይል መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ለመልቀቅ አቀደች። የምሥራቅ ኦክላንድ ነዋሪዎች ግን ዋናው ሥጋታቸው ወደ ግሮሰሪና ክሊኒክ ሲሻገሩ የሚገጫቸው መኪና መሆኑን አሳወቁ። ከተማዋም ሰምታ ሜይ ላይ መሻገሪያዎቹን ማበጀት ጀመረች። እርግጥ ዛሬም በኦክላንድ በድንኳን የሚያድረው ብዙ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ በቂ ጊዜ ሳይሰጠን ተነሣን ያሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። አስፋልቱ ማማሩን አንክድም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የፒያሳን ሰው ማን ጠየቀው?