ኦፒ1፦ የእርሾ የስብ ዘበኛ

የጠላ ጋን ከመመረጉ በፊት ጥንስሱ ይማሰላል፤ አየር ይነካዋል። ጠማቂዋ ስለ ጠላዋ እያሰበች ታማስላለች፤ ውስጥ ያለችው የእርሾ ሴል ግን በዚያች አጋጣሚ ስብ ታዘጋጃለች። ጋኑ ተመርጎ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ለሽፋኗ የሚያስፈልጓትን ሁለት ነገሮች መሥራት አትችልማ፤ አንደኛው እንደ ዘይት የሚፈስ ስብ፣ ሁለተኛው ኤርጎስቴሮል የተባለው የኮሌስትሮል ዘመድ። ከዚያ በኋላ የምትዘልቀው በቋጠረችው ነው።

ሳይንስ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የሚላት ይህች ፍጥረት ውፍረቷ የሚሊሜትር 200ኛ ያህል ነው። ሲመቻት በ90 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ትሆናለች፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሽፋኗም እጥፍ መሆን አለበት። ከሽፋኑ ስቦች አንዱ የሚሠራው በኢኖሲቶል ነው፤ ኢኖሲቶል በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የሚገኝ ስኳር መሰል ነገር ነው። ደጅ ካገኘችው ትወስደዋለች፤ ካጣችው ከግሉኮስ ራሷ ትሠራዋለች። ተርፎ ሳለ መሥራት ግን ኪሳራ ነው። ታዲያ መኖሩንና አለመኖሩን በምን ታውቃለች?

እዚህ ላይ ኦፒ1 ይመጣል። የሳይንስ ሰዎች ስም ሲያወጡ ለዛ የላቸውም፤ ይህኛው ግን ታሪክ አለው። የሱዛን ሄንሪ ላቦራቶሪ ዘረመላቸው የተበላሸ እርሾዎችን ሲያጠና ኢኖሲቶልን ያለ ልክ እየሠሩ ወደ ውጭ የሚያፈሱ አገኘ። የጎደላቸው ፕሮቲን «ኢኖሲቶልን ከመጠን በላይ አምራች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ኦፒ ተባለ። ሥራው ማስቆም ነበር ማለት ነው፤ እሱ ሲጠፋ ልክም ጠፋ።

ኦፒ1 ኢኖሲቶልን በቀጥታ አይቆጥርም። የሚያየው ፎስፋቲዲክ አሲድን ነው። ይህ ገና ያልተጋገረ ሊጥ ነው፤ የሽፋን ስብም፣ የሚቀመጥ ስብም ይወጣዋል። ኢኖሲቶል ሲጠፋ ሊጡ ይጠራቀማል። ያኔ ኦፒ1 ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው ሽፋን ላይ በሁለት እጁ ተይዞ ይቀራል፤ አንዱ እጁ ፎስፋቲዲክ አሲድን፣ ሌላው ኤስሲኤስ2 የተባለ ፕሮቲንን ይይዛል። ይህ ሽፋን ዘረመሎቿ ካሉበት ከኒውክለሱ መጋረጃ ጋር የተያያዘ ነውና ዘበኛው የታሰረው በሩ ላይ ነው። ውስጥ ደግሞ ኢኖ2 እና ኢኖ4 የሚባሉ ፕሮቲኖች የስብ መሥሪያ ዘረመሎችን ያለ ከልካይ ያሠራሉ።

ኢኖሲቶል ሲመጣ ሊጡ ወደ ስብ ይጋገራል፤ ፎስፋቲዲክ አሲዱ ይመናመናል። ዘበኛው ይለቀቃል፣ ኒውክለስ ይገባል፣ ኢኖ2ን ይይዛል፤ ዘረመሎቹም ዝም ይላሉ። ይህን የፎስፋቲዲክ አሲድ ሚና እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳየው የክሪስ ሎውንና የቲም ሌቪን ጥናት ነው። ለእኔ ውበቱ መልእክተኛው ራሱ ስቡ መሆኑ ነው፤ የሚሠራውና የሚለካው አንድ ነው። ግሉኮስ ሲያልቅም ያው ማሰሪያ ያገለግላል፦ የሴሏ ውስጥ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ፎስፋቲዲክ አሲዱ ኦፒ1ን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፣ ዘበኛው ይለቀቅና ሥራው ይቆማል። በረሀብ ጊዜ ቤት አይሰፋም።

ወደ ጋኑ እንመለስ። የስቡን መጠን ሳይሆን ልስላሴውን የሚጠብቅ ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ኤምጂኤ2 ይባላል። ሽፋኑ በብርድ እንደረጋ ቅቤ ሲጠጥር በሽፋኑ ውስጥ የተሰካው ክፍሉ ይዞራል። ከዚያ ፕሮቲኑ ይቆረጥና ቁራጩ ኒውክለስ ገብቶ ኦሌ1ን ያስነሳል። ኦሌ1 ጠጣሩን ስብ ወደ ዘይት መሰል የሚለውጥ ኢንዛይም ነው፤ የሚሠራው ግን ኦክስጅን ካለ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የእርሾ ጉዳይ ብቻ መስሎ የታያችሁ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የራትገርስ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ካርማንና ባልደረቦቹ ያገኙትን ልንገራችሁ። በእርሾ ውስጥ ሊጡን ወደሚቀመጥ ስብ መንገድ የሚመራው ኢንዛይም፣ ፓህ1፣ በሰው ዘንድ ላይፒን የሚባለው ፕሮቲን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ላይፒን ከዚያ በፊት በስም ይታወቅ ነበር፤ ሥራው ግን አይታወቅም ነበር። ዛሬ እንደምናውቀው ላይፒን1 የተበላሸባቸው ሕፃናት ትኩሳት ሲይዛቸው ጡንቻቸው ሊፈርስ፣ ሽንታቸውም ሊጠቁር ይችላል።