ስለ ገበሬው የመሬት ደብተር ጥበቃ

ለገበሬ መሬቱ የልጆቹ እንጀራ፥ የሽምግልናው መጦሪያና የክብሩ መሠረት ነው። ስለዚህ መሬቱን በተንኰል የወሰደበት ሰው የአንድ ዓመት አዝመራ ብቻ ሳይሆን የዕድሜውን ሁሉ ድካም ወሰደበት ማለት ነው።

በቀድሞ ዘመን የሰው መሬት የሚመኝ ሰው በሌሊት ሄዶ የወሰኑን ድንጋይ ያፈልስ ነበር። ሲነጋ ግን ጎረቤት ያየዋል፤ ያገር ሽማግሌም ወሰኑን በእግሩ ረግጦ ይመሰክርበታል። ዛሬ ግን ድንጋዩ ከቦታው ሳይነቃነቅ በመዝገብ የተጻፈው ስም ብቻ ይለወጣል። ይህን ስርቆት ጎረቤት አያየውም፤ አስቀድሞ ሊያየው የሚችለው መዝገቡን የያዘው ሹም ነው።

የገበሬውን ይዞታ መዝግቦ ደብተር የመስጠት ሥራ በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ፥ በኋላ ወደ አማራ፥ ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ ክልሎች ተስፋፋ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታ ሁሉ ማረጋገጫ እንዲሰጠው፥ ባልና ሚስት በጋራ የያዙትም መሬት በሁለቱ ስም እንዲጻፍ አዘዘ። ይህም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የመጀመሪያው ደብተር መሬቱን የሚያስታውቀው የአዋሳኞቹን ስም በመጥራት ነበር፤ ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ግን ካርታ ስላለበት የወሰን ክርክርን ይቀንሳል። ነገር ግን ካርታ ወሰንን ያሳያል እንጂ፥ ከሹሙ ፊት የቆመው ሰው እውነተኛው ባለይዞታ መሆኑን አይናገርም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል። ከዚህ የተነሣ ተንኰለኛ ሰው የተከለከለውን ሽያጭ አንድ ጊዜ ስጦታ፥ አንድ ጊዜ ኪራይ እያለ በሌላ ስም ይሸፍነዋል። ባልዋ የሞተባትና ማንበብ የማትችል ሴት መሬቷን ለአንድ መኸር ያከራየች መስሏት ጣቷን ስታትም፥ ወረቀቱ የስጦታ ውል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሄደውም ሰው፥ ከቶ ባልሰጠው ውክልና ይዞታው ወደ ሌላ ሰው ሊዛወር ይችላል።

ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች ጋሻ አበጅቶላቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728፥ ዕውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፥ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፥ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ይናገራል። በቁጥር 2205 ደግሞ ወኪል የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ጠቅላላ ውክልና ይዞ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ለማድረግ አይችልም።

እንግዲህ ከሹሙ የሚጠበቀው እነሆ። አንደኛ፥ የቀረበለትን ደብተር ብቻ ሳይሆን በቢሮው ያለውን መዝገብ ከፍቶ ሁለቱን ያስተያይ። ሁለተኛ፥ ውሉን ለማያነብ ሰው እርሱ በሚያውቀው ቋንቋ ጮክ ብሎ ያስነብብለት፤ ያስነበበውንም ባለመሬቱ በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ያድርግ። ሦስተኛ፥ ውክልና ሲቀርብለት ከሰጠው ቢሮ ይጠይቅ። አራተኛ፥ መሬቱ የጋራ ከሆነ ሚስትም ባልም በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን ይግለጡ። አምስተኛ፥ ደብተሬ ጠፋ የሚል ሰው ሲመጣ፥ ምትክ ከመስጠቱ በፊት ነገሩ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይነገር፤ አዋሳኞቹም ይጠየቁ። ስሕተት ቢገኝ ደግሞ የቀድሞውን ጽሑፍ መፋቅ ወይም ቅጠሉን መቅደድ አይገባም፤ ዳኛ እውነቱን የሚያገኘው በዚያ ነውና።

ባለጉዳይ ሲቸኩል፥ አማላጅም ሲበዛ፥ ሹም ማኅተሙን ለማሳረፍ ሊቸኩል ይችላል። ሆኖም አንድ ቀን ቆይቶ የተመረመረ ወረቀት ገበሬውን ብዙ ዓመት ከሚፈጅ ሙግት ያድነዋል። የወሰኑን ድንጋይ ጎረቤት እንደ ጠበቀው፥ መዝገቡን የሚጠብቀው ሹሙ ነው።