የበረሃ አበል

የሥራ ምድባ ሲወጣ ብዙ አዲስ ሠራተኛ በልቡ «በረሃ ብቻ አይድረሰኝ» ይላል። ሙቀቱ፣ ወባው፣ የውኃ ችግሩ ያስፈራል። አፋር ውስጥ ያለው ዳሎል ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር፤ ሌሊቱም ተቆጥሮ ማለት ነው! መንግሥት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ለሚሠሩ ከደመወዝ ሌላ የበረሃ አበል ይከፍላል።

አበሉ የሚታሰበው ግን በአየር ጠባይ ነው። መኪና የማይገባበት ደጋ ቀበሌ የተመደበች መምህርት ወረዳ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ብትጓዝም አይመለከታትም።