«50 በ100» የተባለው ቦታ ስንት ካሬ ሜትር ነው? የመሬት መለኪያዎች አቀያየር

በናይሮቢና በአካባቢዋ በሚወጡ የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ «50 በ100» የሚል አገላለጽ ይዘወተራል። ቦታን በካሬ ሜትር ማስላት የለመደ ኢትዮጵያዊ ይህንን ሲያነብ 5,000 ካሬ ሜትር የሚያህል ሰፊ ይዞታ ሊመስለው ይችላል።

ነገር ግን ቁጥሮቹ የሚያመለክቱት ሜትርን ሳይሆን ጫማን ነው። አንድ ጫማ 0.3048 ሜትር በመሆኑ፣ የቦታው ወርድ 15.24 ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 30.48 ሜትር ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ስፋት 464.5 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከተገመተው አንድ አስረኛ እንኳ የማይሞላ ነው።

የሰንሰለቱ ውርስ

ኬንያና ኡጋንዳ በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር በነበሩበት ዘመን የእንግሊዝ የርዝመት መለኪያዎችን ወርሰዋል። ከእነዚህ አንዱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤድመንድ ጉንተር የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ያስተዋወቀው የቀያሾች ሰንሰለት ነው። ርዝመቱ 66 ጫማ ወይም 20.1168 ሜትር ሲሆን፣ 80 ሰንሰለት አንድ ማይል ይሆናል።

ኤከር የሚባለው የስፋት መለኪያም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ኤከር 10 ካሬ ሰንሰለት ወይም 4,047 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በኡጋንዳ «ማይሎ» የሚባለው የመሬት ይዞታ ሥርዓት ስያሜም የመጣው ከማይል ነው። እአአ በ1900 በተፈረመው የቡጋንዳ ስምምነት መሬት የተደለደለው በካሬ ማይል ነበርና።

በሱዳን ደግሞ የእርሻ መሬት የሚለካው 4,200 ካሬ ሜትር በሆነው ፈዳን ነው። በኢትዮጵያ የቀድሞው ጋሻ ብዙውን ጊዜ 40 ሄክታር ተደርጎ ቢሰላም፣ ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር።

ስህተቱ የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

ብዙዎች የሚሳሳቱት ለርዝመት የሚያገለግለውን ማባዣ ለስፋት ሲጠቀሙበት ነው። 5,000 ካሬ ጫማን በ0.3048 ያባዛ ሰው 1,524 ካሬ ሜትር ያገኛል፤ ይህም ከእውነተኛው ስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለስፋት ማባዣው ራሱ በራሱ መባዛት አለበት፤ አንድ ካሬ ጫማ 0.0929 ካሬ ሜትር ነው።

ሌላው ምክንያት ቁጥርን ማጠጋጋት ነው። አንድ ማይል 5,280 ጫማ ነው። ጫማን 0.3 ሜትር ብሎ ያሰላ ሰው ከእያንዳንዱ ማይል ላይ 25 ሜትር ያህል ይቀንሳል።

በልማድ የሚነገሩ ስያሜዎችም ያሳስታሉ። በኬንያ «50 በ100» የሆነ ቦታ ብዙ ጊዜ «የኤከር አንድ ስምንተኛ» ይባላል። የኤከር ትክክለኛ አንድ ስምንተኛ ግን 5,445 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 506 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በስያሜው ብቻ ተማምኖ የሚገዛ ሰው 41 ካሬ ሜትር ገደማ ይጎድልበታል፤ ይህ ሁለት ሰፋፊ ክፍሎች የሚያሠራ ቦታ ነው።

ገዢ ምን ማድረግ ይችላል?

የመጀመሪያው እርምጃ ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተነገረ መጠየቅ ነው። ቀጥሎ ወርድና ቁመትን ለየብቻ ወደ ሜትር ቀይሮ ማባዛት፣ ውጤቱንም ለ10,000 አካፍሎ ወደ ሄክታር መለወጥ ያስፈልጋል። በኬንያ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ስፋት የሚጻፈው በሄክታር በመሆኑ፣ «50 በ100» ለተባለ ቦታ ሰነዱ ላይ የሚጠበቀው ቁጥር 0.0465 አካባቢ ነው።

በሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ በግልጽ ካነሰ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ፈቃድ ያለው ቀያሽ የወሰን ምልክቶቹን በቦታው ተገኝቶ እንዲለካ ማድረግ ይገባል።