ጣርማ በር ሲመሽ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ባበጀው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ስፍራውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደጋው ጠርዝ ነው። ይህን ያህሉን ማንም ያውቃል። ተገቢውን ክብር ያላገኘው ግን የዚህ በር ምሴት ነው።

እኔም አስቀድሞ አላወቅሁትም ነበር። በአንድ የኅዳር ቀን አፋፉ ላይ ቆሜ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ፊቴን ወደ ምዕራብ መልሼ የጀንበርን መጥለቅ ስጠባበቅ፣ ባና የደረቡ አንድ ሽማግሌ በጎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ጀንበሯንስ ከየትም ታያታለህ፤ ዙርና ቆላውን እይ» አሉኝ። «እሺ አባቴ» ብዬ ዞርሁ።

በስተ ደቡብ የወፍ ዋሻ ደን፣ ከዚያም ወዲያ ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደራረበ እስከ አንኮበር የሚዘልቀው የተራራ ሰንሰለት የመጨረሻውን ብርሃን በራሱ ላይ ተሸክሞ ቆሞአል። በታች ግን ሸዋ ሮቢት የደጋው ጥላ ቀድሞ ስለሚወድቅባት መሽቶባታል። ከእግሬ ሥር ጭላዳዎች ለአዳር ወደ ገደሉ ገጽ ይወርዱ ነበር፤ አንዲቱ ልጇን አዝላ፣ ሣር ይዛ፣ የእጅ መዳፍ በማታህል እርከን ላይ ተቀመጠች።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጀንበር እንደ ጠለቀች፣ ከአፋር ቆላ በላይ በአድማሱ ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ግራጫ ያዘነበለ መቀነት ተዘረጋ፤ ከእርሱም በላይ እንደ ጽጌረዳ የቀላ ሌላ መቀነት አረፈ። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ታችኛውን «የበረሃ አቧራ ነው» ወይም «ቆላው ዝናብ ይዟል» ብሎ ያልፈዋል። ስሕተት ነው። ያ ጽልመት የምድር የራስዋ ጥላ ነው፤ ፀሐይ ከምዕራብ አድማስ በታች ስትወርድ ምድር ጥላዋን በምሥራቅ በኩል በአየሩ ላይ ትጥላለች፣ የላይኛውም ቅላት ረጅም የአየር መንገድ አቋርጦ የቀላው የመጨረሻ ብርሃን ከጥላው በላይ ካለው አየር ተመልሶ ወደ ዓይናችን ሲመጣ የሚታይ ጸዳል ነው። አቧራ ቢሆን ኖሮ ባለበት በረጋ ነበር፤ ይህ ግን ይነሣል። ክንዱን ዘርግቶ ጣቱን በአድማሱ ላይ አጋድሞ ለለካው ሰው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ ፀሐይ በምዕራብ እየወረደች ስትሄድ ጥላው በምሥራቅ ይወጣልና። በግርዶሽ ሌሊት ጨረቃን የሚያጠቁራትም ይኸው ጥላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መቀነቶች በሌሊቱ ውስጥ ተዋሕደው ይጠፋሉ፤ በእኛ አገር ምሴት አጭር ነውና የዘገየ ምንም አያገኝም።

አንኮበርም በዚሁ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ይህ ኅብር ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታም ይታያል፤ በ1841 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነሥቶ በዚያ ቆላ ተጉዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ከታች ወደ ላይ ያየውን ገደል፣ የአንኮበር ሰው ከላይ ወደ ታች ሲያየው ኖሯል። ለጸሎት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ለሚያዞር ሕዝብማ፣ ጀንበር እንደ ጠለቀች ሲጸልይ ይህ ሁሉ ፊት ለፊቱ ነው።

የሚያሳዝነኝ የመንገደኛው ችኮላ ነው። አንዱ ከመኪና ወርዶ ጀርባውን ለቆላው ሰጥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሌላው ለጭላዳ ብስኩት ይወረውራል፤ የውሃ ፕላስቲኩንም ገደል ውስጥ ይጥላል። ይህ ነውር ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጉም ሲገፈፍ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ። ብርዱ ብርቱ ነውና ጋቢ ይያዙ። ጀንበር ስትጠልቅም ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ያዙሩ።