ቆጣሪውን የሚያሮጠው ማን ነው?

በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዓለም አቀፍ ልምድ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ለማምረት 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ አብዛኛውም የሚውለው ለወፍጮዎቹ ነው። ለመሆኑ ይህ መጠን በቤታችን ሚዛን ሲታይ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት?

በለሚም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ማታ ማታ ተማሪ ባለበት ቤት የሚሰማ ተግሣጽ አለ፦ «አንተ ልጅ፣ ያንን ኮምፒውተር አጥፋ! ካርዱን ጨረስከው እኮ!» ልጁም ጥናቱን አቋርጦ ይተኛል። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ለመመርመር አስቀድመን መለኪያውን እንረዳ።

ዋት ማለት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ፍጥነት ቢሆን፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በእንስራው የተጠራቀመው ውሃ ነው። የምንከፍለው ለእንስራው ነውና፣ የመሣሪያውን ዋት በሰዓት አባዝተን ለ1000 እናካፍላለን።

50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ፣ በ28 ቀን የሚፈጀው 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በሳምንት 3 ሰዓት ብቻ ቢጋገርበት፣ በእነዚሁ 28 ቀናት 42 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህም ከላፕቶፑ 7 እጥፍ ተኩል ይሆናል። የአንድ ኩንታል ሲሚንቶው ኤሌክትሪክ ላፕቶፑን 200 ሰዓት ያሠራል፤ ምጣዱን ግን 3 ሰዓት እንኳ አያደርስም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምጣድ፣ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ሥራቸው ሙቀት መፍጠር ነው፤ ሸክላን ወይም ውሃን ማጋል ደግሞ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ግን እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክቶችን ነው። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈው ዋትም ከፍተኛው ወሰን እንጂ ዘወትር የሚፈጀው አይደለም። ይሁንና አሮጌ ዴስክቶፕ ከወፍራም ስክሪኑ ጋር የላፕቶፑን ሦስት እጥፍ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሳይሠሩበት ማጥፋቱ ይበጃል።

ታዲያ እንጀራ አይጋገር ማለታችን አይደለም። ሸክላው አንዴ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ስለሚይዝ፣ ሊጡን በአንድ ጊዜ ጋግሮ መጨረስና ለመጨረሻው እንጀራ ማብሪያውን አስቀድሞ ማጥፋት ይጠቅማል። የብዙ ቤት ምጣድና መብራት በአንድነት የሚበራበትን የምሽት ሰዓት መሸሽም የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያግዛል።

እናንተም በየቤታችሁ ያሉትን መሣሪያዎች ዋት መዝግባችሁ አስሉና ለወላጆቻችሁ አሳዩ። ያን ጊዜ ቁጠባው ከጥናቱ ሰዓት ሳይሆን ብዙ ከሚፈጀው መሣሪያ ይጀምራል።