ጅማት የሚናገረው በማግስቱ ነው

ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ቀኝ ተረከዜ ከኋላ በኩል ጭምድድ ብሎ ይይዘኛል። ሁለተኛዋ እርምጃ ትሻላለች፤ በሩ ጋ ስደርስ እንደ ዛገ ማጠፊያ ቀስ እያለ ይላላል። ነቀምት ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲዘንብ አድሮ የግቢው ቀይ አፈር ላቁጧል። ወደ ጊምቢ በሚወስደው አስፋልት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሶምሶማ ስሮጥ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። ሯጩን የሚያታልለው ታዲያ ይኸው ነው። ሰውነቱ ሲሞቅ የጠፋው ሕመም የዳነ ይመስለውና ልምምዱን ያከብደዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሻል።

ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው ስብራት ቢደርስበት የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ አቁሞ ይታከማል። የሚያስጨንቀው ለመሮጥ የማይከለክለው፣ ግን ደግሞ አልለቅ የሚለው ትንሽ ሕመም ነው። «ቻለው» የሚልም አለ፣ «ሁለት ወር ተኛ» የሚልም አለ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ በሁለቱም አልዳንኩም።

በአገራችን አትሌቲክስ ታሪክ የተረከዝ ጅማት ሕመም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ የገባው የተረከዝ ጅማቱ እያመመው፣ ልምምዱም ተስተጓጉሎበት ነበር። መስከረም 25 ቀን በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ቀድሞ በ27:18.20 ወርቁን ወሰደ፤ ልዩነታቸው የአንድ ሰከንድ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ብቻ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ጅማት ከውድድሩ በኋላ በቀዶ ሕክምና መታከሙን፣ ከ1993 ጀምሮ አራት ጊዜ ያሸነፈውን የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትርም በ2001 ኤድመንተን ላይ በሦስተኝነት መጨረሱን ግን ብዙ ጊዜ አንተርክም። ለኦሊምፒክ ወርቅ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አለ፤ ያን ዋጋ ለእሑድ ልምምድ መክፈል ግን ፈጽሞ አይገባም ባይ ነኝ።

የተረከዝ ጅማት የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ስንሮጥ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ መልሶም ይወረውረናል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፍበት ጫና ከሰውነት ክብደት ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ስልሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ አራት ኩንታል ማለት ነው። በአንድ ማራቶን ደግሞ በአንድ እግር ብቻ ሃያ ሺህ ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

ጅማቱ ሲጎዳ ቶሎ የማይድነው ለምንድን ነው? የደም ዝውውሩ አነስተኛ ነው ይባላል፤ እውነት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስገርመውን ግን የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተውናል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ በተደረጉት የኒውክሌር ሙከራዎች የተነሣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የተባለው ንጥረ ነገር በእጥፍ ጨምሮ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀንሷል። በእህልና በሥጋ በኩል ወደ ሰው አካል ስለሚገባ፣ አንድ ሕብረ ሕዋስ መቼ እንደተሠራ እንደ ቀን ማኅተም ይናገራል። ተመራማሪዎቹ የሰዎችን የተረከዝ ጅማት መርምረው በእምብርቱ ውስጥ ያገኙት ካርቦን ሰዎቹ አፍላ ወጣቶች በነበሩበት ዘመን የነበረውን ነው። የጅማቱ እምብርት አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ላይ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እምብዛም አይታደስም ማለት ነው። በአርባ ዓመቴ የምሮጥበት ጅማት እምብርቱ የተሠራው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ተኝቼ ብውል አዲስ አይበቅልልኝም። ማድረግ የሚቻለው ያለውን ጤነኛ ክፍል በልኩ እያሠሩ ማጠንከር ነው።

ለዚህ መንገድ የከፈተው ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ነው። ራሱ ሯጭ ነበር፤ ተረከዙም ታመመ። አለቃው ቀዶ ሕክምና ሊያደርግለት ፈቃደኛ ሳይሆን ሲቀር፣ እንግዲያው ጅማቱን አባብሼ ባስበጥሰው ሳይወድ በግዱ ይሠራልኛል ብሎ በየቀኑ ከባድ ጫና ይጭንበት ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት ለረጅም ጊዜ የታመሙ አሥራ አምስት ሯጮች ያንኑ እንቅስቃሴ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ።

አሠራሩ ማሽን አይፈልግም። እኔ የምሠራው በረንዳው ደረጃ ላይ ነው። በሁለቱም እግር በጣቶቼ እቆምና ጤነኛውን አንሥቼ በታመመው ብቻ ተረከዜ ከደረጃው በታች እስኪወርድ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ጉልበት ቀጥ ብሎ አሥራ አምስት ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ደግሞ እንደዚያው፤ ጠዋትና ማታ። በቀን መቶ ሰማንያ መሆኑ ነው። ሲቀልለኝ በጀርባ ቦርሳዬ አምስት ኪሎ በቆሎ ጨመርኩ፤ አሁን አሥር ደርሷል። በኋላ የወጡ ጥናቶች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ በከባድ ክብደት ቀስ አድርጎ መሥራትም እኩል እንደሚያድን አሳይተዋል፤ ሩጫው ለሚያደክመው ሰው ይኼኛው ይመቻል።

ሩጫውን ማቆም የግድ ነው ወይ የሚለውን ደግሞ እዚያው ስዊድን ካሪን ሲልበርናግልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ፈትነውታል። ሠላሳ ስምንት ሕሙማን ሁሉም ማጠንከሪያውን ሠሩ፤ ግማሾቹ ለስድስት ሳምንት ሩጫና ዝላይ ተከለከሉ፣ ግማሾቹ ሕመማቸውን በቁጥር እየለኩ ቀጠሉ። በዓመቱ ሁለቱም ወገኖች እኩል ተሽሏቸው ተገኘ። መለኪያው ከዜሮ እስከ አሥር ነው። በሩጫ ጊዜ እስከ አምስት ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መውረድ አለበት፤ ከሳምንት ሳምንትም ከፍ ማለት የለበትም። ፍርዱ ያለው ማግስቱ ላይ ነው፤ ሯጩ በሞቀ ሰውነቱ የሚሰማው አይቆጠርም። ከባድ ልምምድ በተሠራ በመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል ውስጥ በጅማቱ ላይ የሚፈርሰው ከሚገነባው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያመዝነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ፍጥነት የሠራ ሰው ረቡዕን ለጅማቱ ይተውለት።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ነገር ላይ ደረስኩ። ይህ መለኪያ ለጅማት ነው። አጥንትን በእሱ የሚለካ ሰው ራሱን ይጎዳል።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 20 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሦስተኛ የማራቶን ወርቁን ፍለጋ ሲነሣ፣ ከቅልጥሙ ጎን ባለው ቀጭን አጥንት ላይ ስንጥቅ ነበረበት። ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአርባ ቀን ያልበለጠ ጊዜ ቆይቶ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ጽናት አልጎደለውም። ግን አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። የተሰነጠቀ አጥንት በጽናት አይሸነፍም። አጥንት ጫና ሲበዛበት ራሱን ለማደስ መጀመሪያ አሮጌውን ቆፍሮ ያወጣል፤ ይህ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ጉድጓዱን መልሶ መሙላት ግን ወደ ሦስት ወር ይወስዳል። ጉድጓዱ ሳይሞላ በላዩ መሮጥ ከተቀጠለ ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ይገጣጠማሉ።

ልዩነቱን በእጅ መለየት ይቻላል። የጅማት ሕመም ሲሞቅ ይቀንሳል፤ የአጥንት ሕመም በሮጡ ቁጥር ይብሳል፣ እየዋለ ሲያድርም ተኝተው ሳለ ይቀሰቅሳል። አመልካች ጣትህን በቅልጥምህ ላይ ስታስኬድ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ የሚያስጮህ ሕመም ካለ፣ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካቃተህ፣ የዚያን ቀን አቁም። ራጅ ተነሥተህ «ምንም የለም» ብትባልም አትዘናጋ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ስንጥቁ በራጅ ላይታይ ይችላል። በብሽሽት በኩል የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም።

እዚህ ወለጋ ስለ አጥንት ሲነሣ አንጮቴ የተባለው ሥራ ሥር ይነሣል። ገበያ ላይ ስገዛ ሻጯ እናት እግሬን ሳነክስ አይተው «ለአጥንት እኮ ነው ልጄ፤ ቀቅለህ፣ ወቅጠህ፣ በቅቤ ብላው» አሉኝ። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ አንጮቴ ማብላት የቆየ ልማድ ነው፤ በመስቀል ማዕድም አይቀርም። ልማዱ መሠረት አለው፤ ከሌሎች ሥራ ሥሮች ሲወዳደር አንጮቴ በካልሲየም ሀብታም ነው። እኔ እበላዋለሁ። ነገር ግን ሯጮች አጥንታቸው የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከካልሲየም እጥረት ይልቅ ከሚያቃጥሉት ጉልበት ያነሰ ስለሚመገቡ ነው። በሳምንት ሰባና ሰማንያ ኪሎ ሜትር እየሮጠ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው ሰውነቱ የአጥንት እድሳቱን ይቀንሳል። ሴት ሯጭ የወር አበባዋ ከቀረ ይህ «የልምምድ ባሕርይ» ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በጾም ወቅት የሚሮጥ ሰው ከሥጋው መቅረት ይልቅ የሚያሳስበው የምግቡ መጠን ማነስ ይሁን፤ በጾም መፍቻው ሰዓት አብዝቶ ይብላ፣ ኪሎ ሜትሩንም ይቀንስ።

የአካባቢያችን መንገድ ራሱ ግማሽ ሕክምና፣ ግማሽ በሽታ ነው። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ምዕራብ መንገዱ እየወረደ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሙቀት ይዘልቅና መልሶ ወደ ጊምቢ ይወጣል። ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዳገት ሲወጣ ቁርጭምጭሚት ስለሚታጠፍ የተረከዝ ጅማት አብዝቶ ይሳባል፤ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበትንና ቅልጥምን ይደበድባል። ዘጠኝ ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ የእግር ኮቴ መሬት ሲመታ የሚፈጠረው ኃይል ከሜዳው ከግማሽ በላይ እንደሚጨምር ተለክቷል። ስለዚህ ሕመሙ የት እንዳለ አይቶ አቅጣጫ መምረጥ ይቻላል። ጉልበቱን የሚያመው ዳገቱን ሮጦ ቁልቁለቱን በባጃጅ ይመለስ። ተረከዙን የሚያመው ዳገቱን በባጃጅ ይውጣ። ባጃጅ ነጂዎቹ መጀመሪያ ግራ ቢገባቸውም አሁን ለምደውኛል። ለጉልበት ሌላም ቀላል ነገር አለ፤ ፍጥነትን ሳይለውጡ እርምጃን አሳጥሮ በደቂቃ የሚረገጠውን ቁጥር ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ መጨመር ጫናውን በግልጽ ይቀንሳል።

ወጌሻን በተመለከተ አልጨክንም። የባትን ጡንቻ በጥሩ እጅ መታሸት ያፍታታል። የታመመውን ጅማት ራሱን በአውራ ጣት መደቆስ፣ ይባስ ብሎ ስንጥቅ የተጠረጠረበትን አጥንት ማሸት ግን ጉዳት ነው። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ውጦ መሮጥም የማግስቱን ምልክት ያጠፋል፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አለ። ታይፎይድ ተብሎ የሚታዘዘው ሲፕሮ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የተረከዝ ጅማትን ሊያስቆጣ አልፎም ሊያስበጥስ ይችላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በማሸጊያው ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አስገድዷል። የታዘዘልህን መድኃኒት በራስህ አታቋርጥ፤ ሯጭ መሆንህን ለሐኪሙ ንገረው፣ በዚያ ሰሞንም አትሩጥ።

የእኔ ሕመም እንዴት እንደጀመረ አውቃለሁ። በወሩ ውስጥ የሮጥኩት ረጅሙ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ አንድ እሑድ ደስ ብሎኝ ሃያ ሰባት ሮጥኩ። «በሳምንት ከመቶ አሥር እጅ በላይ አትጨምር» የሚለውን ደንብ በሳምንታዊ ድምሬ ጠብቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ ከአምስት ሺህ በላይ ሯጮችን ለአንድ ዓመት ተኩል የተከታተለ ጥናት ግን አደጋው ያለው በሳምንቱ ድምር ሳይሆን በአንዱ ሩጫ ላይ መሆኑን አሳይቷል። ባለፉት ሠላሳ ቀናት ከሮጥከው ረጅሙ ርቀት ከአሥር እጅ በላይ አልፈህ በአንድ ጊዜ ከሮጥክ የመጎዳት ዕድልህ በጉልህ ያሻቅባል። እኔ ሃምሳ እጅ ነበር ያለፍኩት።

በጊዜ ማቆም ቀላል አይደለም። ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን የተመረጠው ሲሳይ ለማ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነበር። ጉዳት ደርሶበት ውድድሩ ሲቃረብ ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራት በፓሪስ ዳገታማ ጎዳና 2:06:26 ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ስለ ታምራት ብዙ ተባለ፤ እኔ ግን የሲሳይን ውሳኔ ደጋግሜ አስባለሁ። በማራቶን ሕይወት ውስጥ ከዚያ የከበደ እርምጃ ያለ አይመስለኝም።

ትናንት አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ዳገቱን በባጃጅ። ዛሬ ከአልጋዬ ወርጄ ስረግጥ ቁጥሩ ሁለት ነበር። ከትናንት በስቲያም ሁለት ነበር። በደብተሬ ጻፍኩት፤ ከዚያም የበቆሎውን ቦርሳ አዝዬ ወደ በረንዳው ደረጃ ወጣሁ።